የደም ካንሰር ታክሜ ድኛለሁ፤ ደረጃ ስወጣ ግን ለምን እንዲህ ይደክመኛል?

የጉለሌው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 22 ዓመቴ ነው። በ7 ዓመቴ የደም ካንሰር ያዘኝ፤ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ የሚባለው። ጥቁር አንበሳ ሦስት ዓመት ያህል ታከምኩ። ኬሞው ካለቀ 12 ዓመት ሆነው። ተመስገን፣ ደሜ ንጹህ ነው።

ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ቢሮዬ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ በደረጃ እንወጣለን። ሁለተኛው ፎቅ ስደርስ ትንፋሼ ያጥራል። ስልክ የማወራ መስዬ እቆማለሁ። ግራ እግሬ ደግሞ ጣቶቹ በደንብ አይነሱም። ነጠላ ጫማ ሳደርግ ሳላውቀው ወልቆ ይቀራል።

ትምህርት ቤት እያለሁ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሥራዬ የልጆቹን ጃኬት መያዝ ነበር። አስተማሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ አዝኖልኝ ነው። እናቴም እስከዛሬ ውሃ የሞላ ጀሪካን አታስነሳኝም። "እግዜር አንዴ መልሶልኛል" ትላለች።

አሁን የሥራ ባልደረቦቼ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ይወጣሉ። አብሬያቸው መውጣት በጣም እፈልጋለሁ። ይሄ ድካም ስንፍና ነው ወይስ የመድኃኒቱ ነገር? ብሮጥ ልቤን እጎዳለሁ? በዚህ ያለፈ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፦
ወንድሜ፣ ስንፍና የምትለውን ነገር ከዛሬ ጀምሮ ተዋት። ለሉኪሚያ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ቪንክርስቲን ነው። ነርቭ ይጎዳል፤ በተለይ እስከ እግር ጣት የሚወርዱትን ረጃጅሞቹን። ጫማህ የሚወልቀው በዚህ ሊሆን ይችላል። እስቲ ግድግዳ ይዘህ በተረከዝህ ብቻ አሥር እርምጃ ሂድ። የግራ እግርህ ፊት እየወረደ መሬት ከነካ፣ ቅልጥምህ ፊት ለፊት ያለው ጡንቻ ደክሟል ማለት ነው። ከዓመታት በኋላም ይሠራበታል። ወንበር ላይ ተቀምጠህ፣ ተረከዝህን ሳታነሳ የእግርህን ፊት ወደ ላይ ሳብ፣ መልስ። ባትህንም በየቀኑ እየሳብክ አፍታታ። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉት የስቴሮይድ መድኃኒቶች ደግሞ ጡንቻና አጥንት ያሳሳሉ፤ ዳሌህን ወይም ብሽሽትህን ካመመህ ሳትታይ እንዳትሮጥ።

ልብህን በተመለከተ ከዚህ ሆኜ አልገምትም። ቀይ መድኃኒት ነበረ፤ ዶክሶሩቢሲን ወይም ዳውኖሩቢሲን። ሽንት ያቀላል። እናትህን ጠይቃት፣ አይረሳም። የልብን ጡንቻ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ሊያደክም ይችላል። በሕክምናው ሁሉ የወሰድከው ድምር ለአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 250 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ በየ2 ዓመቱ ይመከራል። ከ100 እስከ 250 ከሆነ በየ5 ዓመቱ። ስለዚህ መጀመሪያ ኢኮ፣ ከዚያ እንጦጦ። አናቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጤነኛውንም ያስተነፍሳል።

ከሜሪላንድ፦
እኔም እንዳንተው ነኝ፤ በ11 ዓመቴ እዚህ አሜሪካ ነው የታከምኩት። ስጨርስ ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጡኝ። የወሰድኩት መድኃኒት ስም፣ ጠቅላላ መጠኑ፣ ወደፊት ምን ምን መታየት እንዳለብኝ። አዲስ ሐኪም ጋ በሄድኩ ቁጥር መጀመሪያ የማወጣው እሷን ነው። አንተም ከድሮው ካርድህ ላይ አስጽፍ።

ስፖርቱን የጀመርኩት በመብራት ምሰሶ ነው። ኢኮዬን አይተው "ሂጂ" ካሉኝ በኋላ ማለቴ ነው። ከቤቴ ሦስተኛው ምሰሶ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። አለቀ። በሳምንቱ አራተኛው። ሰው ከጎንህ አድርግና እያወራህ ሂድ። ወሬው ከተቆረጠብህ ፍጥነትህን ቀንስ። ሰዓትም መሣሪያም አያስፈልግህም። አሁን በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት እራመዳለሁ። ደረጃ ግን አሁንም ይከብደኛል፤ አልዋሽህም።

የሁለት ልጆች እናት፦
ልጄ፣ የጃኬቱን ነገር ሳነብ አለቀስኩ። ትንሹ ልጄ 9 ዓመቱ ነው፤ ሕክምናውን ከጨረሰ ስምንት ወሩ። ለስፖርት መምህሩ "እንዳታስሮጡት" ብዬ ደብዳቤ የላክሁት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ደግሞ "ይጫወት" ብሎኝ ነበር። ፈርቼ ነው። ያን የደም ምርመራ ውጤት የጠበቀች እናት፣ ልጇ ሲወድቅ ማየት አትችልም። እናትህን አትቆጣት፤ ኢኮው ጋ ይዘሃት ሂድ። ከሐኪሙ አፍ ትስማ። እኔም ሰኞ ደብዳቤዬን አነሳለሁ።

የጉለሌው ልጅ፦
እናንተ ሰዎች እግዜር ይስጥልኝ። ተረከዙን ሞከርኩት፤ አራተኛው እርምጃ ላይ ግራው ወረደ። ካርዴን እናቴ ከክርስትና ካርዴ ጋር በጨርቅ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። ስለ ቀዩ መድኃኒት ስጠይቃት ዝም አለች። ከዚያ "ፖፖውን አይቼ ደም መስሎኝ ኮሪደር ላይ ጮኬ ነበር" አለችኝ። ይሄን ለ15 ዓመት ነግራኝ አታውቅም።

ኢኮው ማክሰኞ ነው። አብራኝ ልትሄድ ነው። ሐኪሙን እኔ ነኝ የምጠይቀው ብላለች፤ ስለ ጀሪካኑም ጭምር።