«የዘውድ በዓል» የሚለው ይህ ፎቶግራፍ የማን ዘውድ ነው?

ከዶሮ ማነቂያ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ከነበረው የቤተሰባችን ቤት ስንለቅ፣ ከአያቴ ቁም ሣጥን ጀርባ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ፎቶግራፍ አገኘሁ። ከአራዳ ጊዮርጊስ ቅጥር በር ወደ አደባባዩ የተነሣ ሲሆን፣ ለምድ የደረቡ መኳንንት፣ ጥላ የዘረጉ ካህናትና ከመካከላቸው መስቀል የጨበጡ አንድ ጳጳስ ይታዩበታል። በጀርባው «የዘውድ በዓል 1923» የሚል ጽሑፍ አለበት። ነገር ግን እናቴ እንደምትነግረኝ፣ አያቴ ይህን በዓል በአባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው እንዳዩት ያወሩ ነበር፤ በ1923 ደግሞ ባለ ትዳር ነበሩ። ግድግዳ ላይ ከመስቀሌ በፊት እውነቱን ማወቅ እሻለሁ። ዕለቱን በምን ላረጋግጥ?

ከራስ መኮንን ድልድይ

በመጀመሪያ የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ይፈልጉ። ሐውልቱ የተመረቀው ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ከጫኑበት ከጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በፊት በዋዜማው ነው። ስለዚህ በዚያ ዕለት ከቅጥሩ በር ወደ አደባባዩ የተነሣ ፎቶግራፍ በፈረስ ላይ የተቀመጡትን የምኒልክን ሐውልት ሊስተው አይችልም። ቦታው ባዶ ከሆነ የእርስዎ ፎቶግራፍ የ1923 አይደለም።

ከስድስት ኪሎ

የቀደሙት መላሽ መንገዱን በሚገባ አሳይተዋል፤ ይሁን እንጂ የሐውልቱ አለመኖር ብቻውን አይበቃም። ጣልያኖች በወረራው ዘመን ሐውልቱን አንሥተው ቀብረውት ስለነበር፣ እስከ ነጻነት ድረስም ቦታው ባዶ ነበር።

ይበልጥ የሚያስተማምኑት ሰዎቹ ናቸው። በዚያው በጊዮርጊስ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱም ዘውድ ጭነዋል፤ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱ ገና አምስት ወር አልሞላም፣ ከሰገሌ ጦርነትም የተቆጠሩት ወራት ከአራት አይበልጡም ነበር። ዘውዲቱን የቀቡት አቡነ ማቴዎስ ሲሆኑ፣ ዓፄ ኃይለ ሥላሴን የቀቡት አቡነ ቄርሎስ ናቸው። አቡነ ማቴዎስና ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ሁለቱም በ1919 ዓ.ም. ስላረፉ፣ ከሁለቱ አንዱ በፎቶግራፉ ላይ ከተገኘ የ1923 ነገር ያበቃል። አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪንም ይፈልጉ፤ በዘውዲቱ ንግሥ ዕለት የ24 ዓመት ወጣት ነበሩ።

ፊት ከማነጻጸርዎ በፊት ግን ምስሉ ቀኝና ግራው ተገልብጦ እንዳልታተመ ያረጋግጡ። የአገራችን ሰው ጎራዴውን በቀኝ ጎኑ ይታጠቅ ስለነበር፣ መኳንንቱ ሁሉ በግራ ታጥቀው ከታዩ ምስሉ ከተነሣበት መስታወት (ከነጌቲቩ) ላይ ተገልብጦ ታትሟል ማለት ነው።

በፎቶግራፍ ላይ የሚጻፍ ቃል ብዙ ጊዜ ከምስሉ ዘግይቶ የሚመጣ ነው። የሻምበል አበበ ቢቂላን ፎቶግራፎች ይመልከቱ፤ የቶኪዮው «ሮም» ተብሎ፣ የሮሙም «ቶኪዮ» ተብሎ ሲዞር እያየሁ አዝናለሁ። በ1952 በሮም በባዶ እግሩ፣ ደረቱ ላይ 11 ቁጥር ለጥፎ፣ ሲመሽ በችቦ ብርሃን ገባ፤ በ1957 በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት ብቻ አልፈው፣ ጫማ ተጫምቶ 17 ቁጥር ለብሶ ሮጠ። እግሩን ማየት ብቻ ይበቃ ነበር።

ከዶሮ ማነቂያ (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ፎቶግራፉን ነጭ ጨርቅ ላይ አኑሬ በአጉሊ መነጽር መረመርኩት። ሐውልቱ መኖር በሚገባው ስፍራ ላይ የቆመው ሕዝብ ብቻ ነው፤ ጎራዴዎቹ በቀኝ ናቸው። በጀርባው ያለውንም ጽሑፍ ደግሜ አየሁት። «የዘውድ በዓል» የሚለው ጠርዙ በደበዘዘ ቡናማ ቀለም፣ በብዕር የተጻፈ ነው፤ «1923» የሚለው ግን ወረቀቱን ጎድጎድ ያደረገ ሰማያዊ እስክሪብቶ ነው። እንዲህ ያለው እስክሪብቶ በዚያ ዘመን በአገራችን አልነበረም።

ከስድስት ኪሎ

ቀለሙን ለይተው ማየትዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን የጨመረው ሰው የሚያውቀው ዘውድ የዓፄ ኃይለ ሥላሴ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የጳጳሱን ማንነት ግን እዚህ በግምት አንወስን። ሁለቱንም ገጽ ስካን አድርገው ቅጂውን ወደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይዘው ይምጡ፤ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው፣ የቆዩ ፎቶግራፎችም ክምችት አለው። ዋናውን ከቤት አያውጡት፣ በጣትዎም ምስሉን አይንኩት፣ በጀርባው ላይም ምንም አይጨምሩበት።

ከዶሮ ማነቂያ (ጠያቂ)

እሺ፣ ሰኞ ጠዋት ቅጂውን ይዤ እመጣለሁ። እናቴም አብራኝ ልትመጣ ፈልጋለች፤ በሕዝቡ መካከል አባቱ ትከሻ ላይ የተቀመጠ አንድ ሕፃን አግኝታ ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሣችም።