ልጄን እያጠቁት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ግን «ታረቁ» ይላል፤ ምን ላድርግ?

ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ሦስት የክፍል ጓደኞቹ ተባብረው ያሠቃዩታል፤ መጽሐፉን ይደብቁበታል፣ ቅጽል ስም አውጥተውለታል፣ በእረፍት ሰዓት ማንም አብሮት እንዳይጫወት ያስጠነቅቃሉ። ባለፈው ሳምንት ደብተሩን ስገልጥ የሒሳብ የቤት ሥራው ላይ ያንኑ ስም በእስክርቢቶ ጽፈውበት አገኘሁ። እሱ ደግሞ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ በላጲስ ፈግፍጎታል። ጠዋት ጠዋት ሆዱን ያመዋል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ደህና ነው።

ለክፍል ኃላፊው ነገርኩ። አራቱንም ጠርቶ «ተጨባበጡ፣ ታረቁ» አላቸው። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው! ሁለት እኩዮች ሲጣሉ ማስታረቅ ደግ ነው፤ ሦስት ሆነው አንዱን ደጋግመው ሲያሸማቅቁት ግን ነገሩ ጠብ ሳይሆን ጥቃት ነው። ተበዳዩን ከበዳዮቹ ፊት አቁሞ ማናገር ይበልጥ ያስፈራዋል። በማግስቱ «አሳባቂ» የሚል ስም ተጨመረለት፤ አሁን «እማዬ፣ እባክሽ ተመልሰሽ እንዳትሄጂ» እያለ ይለምነኛል።

እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 19 ልጆች ከአካላዊም ከአእምሯዊም ጥቃት እንዲጠበቁ ያዛል፤ ስለዚህ ውለታ አልጠየቅሁም። የሚሆነውን ሁሉ ከነቀኑና ከነቦታው መመዝገብ ጀምሬአለሁ።

ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ሳመለክት ምን ምን እንዲደረግ ልጠይቅ? የእረፍት ሰዓት ቁጥጥር፣ የመቀመጫ ለውጥና ልጆቹን ለየብቻ ማነጋገር አስቤአለሁ። ወላጆቻቸውን በቀጥታ ማግኘትስ ነገሩን ያባብሰው ይሆን? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ልጄ በእኔ ላይ ያለውን እምነት ሳላጣ እንዴት ልቀጥል? ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ ወላጆችና መምህራን፣ የጠቀማችሁን እባካችሁ ንገሩኝ።