የቆጵሮስ ፌዴሬሽን ድርድር፦ ይህን ቋጠሮ የሚፈታልኝ ማን ነው?

ጤና ይስጥልኝ። የግሪክና የቱርክ ቆጵሮሳውያን ተብላ የተከፈለችውን ቆጵሮስ በፌዴሬሽን ስለማዋሐድ በምናደርገው የክፍል የድርድር ልምምድ የቱርክ ቆጵሮሳውያንን ወገን እንድወክል ዕጣ ደርሶኝ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ተገትሬ ቀርቻለሁ።

የቸገረኝ የመሬቱ ጉዳይ አይደለም፤ እሱን እንደምንም ተስማምተንበታል። ሁለቱ ወገኖች ሳይስማሙ ሲቀሩ ማን ይወስን? በ1960 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ ግሪክ ቆጵሮሳዊ፣ ምክትሉ ቱርክ ቆጵሮሳዊ ሆነው ሁለቱም ውሳኔ የመሻር መብት ነበራቸው። የመንግሥት ሥራም 70 ለ30 ተከፈለ። ቱርኮቹ ከሕዝቡ 18 በመቶ ገደማ ነበሩና ግሪኮቹ አልተዋጠላቸውም። በ1963 ፕሬዚዳንቱ ማካሪዮስ 13 የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች ሲያቀርቡ ነገሩ ደም ወደ መፋሰስ ሄደ።

በ2004 ለሕዝበ ውሳኔ የቀረበው የአናን ዕቅድ (የያኔው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን ያቀረቡት የውሕደት ዕቅድ) ደግሞ መፍቻውን ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰጠ፦ ከየወገኑ ሦስት ዳኞች፣ ሦስት ደግሞ ከውጭ አገር። 65 በመቶ ቱርኮች ሲቀበሉት 76 በመቶ ግሪኮች ጣሉት። የግሪክ ወገን ተደራዳሪ የሆነችው የክፍል ጓደኛዬም «ባዕድ ዳኛ አገሬን አይገዛም» ብላ አንድ እርምጃ አልንቀሳቀስ አለች። እውነት ለመናገር፣ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እንዲሁ እል ነበር።

እንደ እኛው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ያለ ጉባኤ ላቀርብ አሰብኩ፤ ነገር ግን ሁለት ወገን ብቻ ባለበት እሱም እኩል ለእኩል ተፋጥጦ ይቀራል።

ሕገ መንግሥት ያጠናችሁ፣ ያለ ባዕድ ዳኛና ያለ ፍጹም የመሻር መብት አናሳውን የሚጠብቅ መንገድ ካለ እባካችሁ ጠቁሙኝ። ድርድሩ ሐሙስ ይቀጥላል።