አሮጌ ካራቫን እየተጠቀሙበት ቀስ በቀስ ማደስ ይቻላል?

ጠያቂ፣ ከደሴ፦
ከመንገድ ሥራ ካምፕ በጨረታ የወጣ አሮጌ ተጎታች ካራቫን ገዝቼ፣ ከቤተሰቤ ጋር ሐይቅ ዳር ለማደር እጠቀምበታለሁ። ወጪውን በአንድ ጊዜ ስለማልችለው አቁሜ ላድሰው አልችልም። የጣሪያው አንዱ ማዕዘን ከውስጥ ጠቁሮ ፕላይውዱ አብጧል፤ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። የጎማዎቹ ጥርስ ግን ገና አላለቀም። ባለቤቴ ከአልጋውና ከማብሰያው እንጀምር ትላለች። እናንተ ብትሆኑ ከየቱ ትጀምራላችሁ?

አናጺ፣ ከኮምቦልቻ፦
ወንድሜ፣ ባለቤትዎ አይቀየሙኝና አልጋው ይቆይ። ጣሪያው እያፈሰሰ የሚሠራ አልጋ ተመልሶ ይበሰብሳል። ውሃው የታየበት ቦታ የገባበት ላይሆን ይችላል፤ ከላሜራው ሥር እንጨቱን ይዞ ተጉዞ ራቅ ብሎ ይወጣልና ፕላይውዱን ከመቀየርዎ በፊት መግቢያውን ይፈልጉ። የጣሪያውን ጠርዝ የያዘውን አሉሚኒየም ከአንድ ጎን ብቻ ፈትተው፣ የደረቀውን ማሸጊያ ላሜራውን በማይጭር የፕላስቲክ መፋቂያ አንሥተው፣ በአዲስ አሽገው የዚያኑ ዕለት መልሰው ይግጠሙት። የከፈቱትን ሳይዘጉ ሌላ ካልከፈቱ ካራቫኑ ሁልጊዜ ለመንገድ ዝግጁ ነው። ሲሊኮን አልመክርም፤ በላዩ ቀለምም ሆነ ሌላ ማሸጊያ ስለማይይዝ ቀጣዩን ጥገና ያበላሻል፤ ቡቲል የሚባለው የሚለጠፍ ማሸጊያ ይሻላል። የዛገ ቪቴም መልሰው አይጠቀሙ። እኛ ዘንድ በልጉም ይዘንባልና ክረምት እስኪቃረብ አይጠብቁ።

ሹፌር፣ ከደሴ፦
በጣሪያው እስማማለሁ፤ ጎማው ግን አብሮት ይታይ። ብዙውን ጊዜ ቆሞ የሚከርም ተጎታች ጎማው የሚሞተው በዕድሜ እንጂ በጥርስ ማለቅ አይደለም። ጎኑ ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ 4 አኃዞች አሉ፤ 2311 ቢል በፈረንጆች 2011 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። 10 ዓመት ያለፈውን አውጥተው ይጣሉት። የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ከ600 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ስለሚቀንሱ በከባድ ማርሽ ይውረዱ፤ ፍሬን እየረገጡ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል። ታች ሲደርሱ እጅዎን ወደ ሁለቱም ቸርኬዎች ጠጋ ያድርጉ፤ አንዱ ከሌላው ይልቅ ከጋለ ወይ ፍሬኑ ይዟል ወይ ኩሽኔታው ግራሶ ይፈልጋል።

ሌላ አንባቢ፣ ከወልዲያ፦
ስለ ማብሰያው አንድ ነገር ልጨምር። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወለል ላይ ይተኛል፤ ከታች ያለውን የአየር ቀዳዳ የደሴን ብርድ ፈርተው በጨርቅ እንዳይደፍኑት። ቡና ለማፍላትም የከሰል ምድጃ ፈጽሞ ወደ ውስጥ አይግባ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጎማዎቹን አየሁ፤ ሁለቱም ላይ 0908 ተጽፏል። ለአልጋው ስፖንጅ የተቀመጠው ገንዘብ ለጎማ እንዲሆን ባለቤቴም ተስማምታለች፤ ጣሪያውን ከጠቆረው ጎን እጀምራለሁ።