ሚሃል ሺሜችካ እዚህ የደረሰው በቤተሰቡ ስም ነው?

የሳቢያኗ፦ ሰላም የድሬ ልጆች። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ስለ አንድ ወጣት የአውሮፓ ፖለቲከኛ ክፍል ውስጥ አቅርቡ ተብለን ለእኔ የስሎቫኪያው ሚሃል ሺሜችካ ደረሰኝ። በ1984 ብራቲስላቫ ተወለደ፣ ፕራግና ኦክስፎርድ ተማረ፣ አሁን የትልቁ ተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ትናንት ከዚራ ሻይ እየጠጣን ለጓደኞቼ ሳወራ አንዱ «አቦ ተይው፣ አያቱም አባቱም የታወቁ ናቸው፣ መንገዱ ተጠርጎለት ነው» አለኝ። እንደዛ ነው እንዴ?

ጀጎል፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ ግማሹን ነው የነገረሽ። አያቱ ሚላን ሺሜችካ በኮሚኒስቶቹ ዘመን ከሥራ ተባሮ የጉልበት ሥራ የሠራ፣ በኋላም የታሰረ ፈላስፋ ነው። አባቱ በዚሁ ምክንያት ዩኒቨርሲቲ እንዳይገባ ተከልክሏል። ያኔ ስሙ ሸክም ነበር። ከ1989 በኋላ ግን አባቱ የታወቀ ጋዜጠኛ ሆነ፣ ስለዚህ ስሙ ለልጅየው በር ከፍቶለታል፣ አልክድም።

ደቻቱ ማዶ፦ እኔ የምለው ስሙን ለጊዜው ተዪውና ድምፁን ቁጠሪ። በ2019 ፓርቲው ፕሮግረሲቭ ስሎቫኪያ ከሌላ ፓርቲ ጋር ተጣምሮ የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫን በ20 በመቶ ገደማ አንደኛ ወጣ፣ እሱም ብራስልስ ገባ። ከዘጠኝ ወር በኋላ በአገራቸው ምርጫ ምን ሆነ መሰለሽ? እዚያ አገሩ በሙሉ እንደ አንድ የምርጫ ክልል ነው የሚቆጠረው፣ እንደ እኛ በየክልሉ አንደኛ የወጣ ብቻ አይደለም የሚያልፈው፣ 150 ወንበር በድምፅ ልክ ይከፋፈላል፤ ግን ፓርቲ ለብቻው ከሮጠ 5 በመቶ፣ ሁለት ሆነው ከተጣመሩ 7 በመቶ ማግኘት አለባቸው። እነሱ አሁንም ተጣምረው ሮጠው 6.96 በመቶ አመጡ። 926 ድምፅ ጎደላቸው፣ አንድም ወንበር የለም! ለብቻቸው ሮጠው ያንን ድምፅ ቢያገኙ ኖሮ ይገቡ ነበር። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

እሱ በ2022 መጀመሪያ የአውሮፓ ፓርላማ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኗል። ብራስልስ ተደላድሎ መቀመጥ ይችል ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ነው በአገሩ አንድም ወንበር የሌለውን ፓርቲ መሪነት የተረከበው። በ2023 ፓርቲው ለብቻው ሮጦ 18 በመቶ ገደማ፣ 32 ወንበር አገኘ፣ ከምርጫው በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆነው ከሮበርት ፊትሶ ፓርቲ ቀጥሎ ሁለተኛ። ይሄ በአያት ስም አይመጣም።

የሳቢያኗ፦ ወላሂ 926ን አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ። የአገሩ ፓርላማ ምክትል አፈ ጉባኤም ነበር አይደል? ለምን ተነሳ?

ጀጎል፦ አዎ፣ ከ2023 ምርጫ በኋላ ተሹሞ በመስከረም 2024 የመንግሥት ጥምረቱ በድምፅ ብልጫ አነሳው። የፓርቲ መሪነቱ ግን አልተነካም። ከዚያ በፊት በሰኔ ፓርቲው የአውሮፓ ምርጫን ወደ 28 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ አሸንፎ ነበር፣ ይሄንንም ጨምሪበት።

ደቻቱ ማዶ፦ ደግሞ ከልደቱ አትጀምሪ። ከ926ቱ ድምፅ ጀምሪ፣ ክፍሉ በሙሉ ቀና ይላል። ቤተሰቡን ከዚያ በኋላ አምጪው፣ የአያቱን እስር ሳትዘዪ።

የሳቢያኗ፦ እሺ፣ እንደሱ አደርጋለሁ። ሰኞ ነው የማቀርበው፣ ያን ጓደኛዬንም እጠራዋለሁ።