ይሄ ኮመዲኖ የእውነት ሮኮኮ ነው ወይስ ኮፒ? የምታውቁ እርዱኝ

ሰብሊ ቨርጂኒያ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ ሰፈራችን ኤስቴት ሴል (የአንድ ቤት ዕቃ ጠቅላላ ሽያጭ) ላይ አንድ ባለ ሁለት መሳቢያ ትልቅ ኮመዲኖ አይቼ ልቤ እዛው ቀርቷል፣ ሆዱ ወደፊት ገፋ ያለ፣ እግሩ ከላይ ወጣ ብሎ ወደታች እየቀጠነ የሚጣመም፣ ላዩ ቀላ ያለ እብነ በረድ፣ እጀታው ደግሞ ወርቅማ ቅጠል። ሻጯ «የሉዊ 15ኛ ዘመን ኦሪጂናል ሮኮኮ ነው» ትላለች (የ18ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ጌጠኛ ስታይል መሆኑ ነው)፣ ዋጋው ግን 2,400 ዶላር ነው፣ ኦሪጂናል ከሆነ እንዴት በዚህ ዋጋ? ባለቤቴ ደግሞ ያ ፈረንሳይ ቬርሳይ ቤተ መንግሥት ያለው የመስታወት አዳራሽ ስታይል ነው ይለኛል። ጓሮው ውስጥም የዛጎል ቅርጽ ያለው ፋውንቴን አለ እሱንም አብሬ ላንሳው እያልኩ ነው። ቅዳሜ ያበቃል፣ ቶሎ በሉልኝ።

አናጺው፦
እህቴ ዋጋው ራሱ ነግሮሻል እኮ። በ1740ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ስም ያለው ባለሙያ የሠራው ኮመዲኖ ጨረታ ላይ በመቶ ሺዎች ዶላር ሊሸጥ ይችላል። ግን ሻጭም አንዳንዴ የያዘውን አያውቅምና ሄደሽ እዪው፣ ፊቱን ተዪው፣ ፊቱማ ሁሌም ያምራል። መሳቢያውን መዝዘሽ አውጪና ገልብጪው። ጥግ ላይ ጥርስ ለጥርስ የተነካከሰው መጋጠሚያ ሁሉም እኩል ከሆነ ማሽን ነው፣ በእጅ የተሠራ አንዱ ሰፋ አንዱ ጠበብ ይላል። ሥሩ ያለው ጣውላ ላይ የመጋዝ ምልክት ፈልጊ፣ ቅስት ቅስት ካለ በክብ መጋዝ ነው የተሰነጠቀው፣ ያ ደግሞ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነገር ነው፣ የድሮው በእጅ ስለሚጎተት ምልክቱ ቀጥ ያለ ነው። ጀርባው ኮምፔንሳቶ ከሆነማ ጨዋታው አለቀ። ብሎኑ ጭንቅላት ላይ መስቀል ካየሽ ወይ ከ1930ዎቹ ወዲህ የተሠራ ነው ወይ አንድ ሰው ጠግኖታል። በዛን ዘመን ግድግዳ የሚነካውን ጀርባ ማንም አያሳምረውም ነበር፣ ሻካራ ነው የሚተዉት፣ ስለዚህ ጀርባው ልስልስ ብሎ ቫርኒሽ ከተቀባ እኔ እጠረጥራለሁ።

እጀታውንም አስተውዪ። ያኔ ወርቅና ሜርኩሪ ለውሰው ነሐሱ ላይ ይቀቡና በእሳት ሜርኩሪውን ያተኑታል፣ ወርቁ ይቀራል፣ ጭሱ ደግሞ ሠራተኛውን ቀስ በቀስ ይመርዘዋል። በኤሌክትሪክ ወርቅ መቀባት የመጣው ከ1840 አካባቢ ወዲህ ነው፣ ቀለሙ ስስና አንድ ዓይነት ይሆናል። ኮፒ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጫፉ በመሮ በደንብ አልተጠረበም።

ካይሮ የነበረው፦
አናጺው ማህተሙን ረሳኸው። የፓሪስ የቤት ዕቃ ሠሪዎች ማኅበር ከ1751 ጀምሮ አባላቱን ስማችሁን እንጨቱ ላይ ምቱ ብሎ አስገድዷል፣ ብዙ ጊዜ ከእብነ በረዱ ሥር ነው የሚገኘው፣ ስለዚህ ሰው ጠርተሽ እብነ በረዱን አስነሺው (ብቻሽን እንዳትሞክሪ ወገብሽን ይቆርጥሻል)። ግን ማህተም ስላለ ብቻ ደስ አይበልሽ፣ ማህተምም ይኮረጃል፣ ለንጉሡ የሚሠሩት ደግሞ ግዴታ አልነበረባቸውም። በዛ ላይ ይሄ ስታይል መቼም ሞቶ አያውቅም፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ፓሪስ ራሷ እንደገና ስታመርተው ነበር፣ ግብፅ ደግሞ ዱምያት ከተማ እስከዛሬ ይሠሩታል፣ ወርቅ የበዛበትን በንጉሣቸው በፋሩክ ስም «ሉዊ ፋሩክ» እያሉ ይቀልዱበታል። የገልፍ ቤቶች ሳሎን ውስጥ የምናየው ሶፋ አብዛኛው የዚህ ዘር ነው።

ሙኒክ ነኝ፦
ባለቤትሽን ሰላም በይልኝና የመስታወት አዳራሹ ሮኮኮ እንዳልሆነ ንገሪው 😀 እሱ የሉዊ 14ኛ ነው፣ ከ1678 እስከ 84 የተሠራ፣ ባሮክ የሚባለው ከሮኮኮ በፊት የነበረ ስታይል። ግራና ቀኙ እኩል ነው፣ ሰውን ለማስደንገጥ የተሠራ። ሮኮኮ ንጉሡ በ1715 ከሞተ በኋላ መኳንንቱ ፓሪስ ገብተው ትናንሽና ምቹ ክፍሎች ሲያሠሩ ነው ያበበው፣ የግራው ጌጥ ከቀኙ ጋር እኩል ካልሆነ፣ ዛጎልና ቅጠል እንደፈለገው ከተጠማዘዘ እሱ ነው። ቬርሳይም ውስጥ ቢሆን የሉዊ 15ኛ የግል ክፍሎች ሮኮኮ ናቸው። ወርቅ ያበዛ ሁሉ ሮኮኮ የሚመስለው ሰው ካለ እዚህ ሙኒክ ኒምፈንበርግ ቤተ መንግሥት ፓርክ ውስጥ አማሊየንቡርግ የሚባለውን ትንሽ ቤት ይይ፣ አርክቴክቱ ኩቪዬ ከ1734 እስከ 39 የሠራው፣ መሀል ያለው ክብ ክፍል ሰማያዊና ብር ነው እንጂ ወርቅ አይደለም፣ ከመስታወቶቹ በላይ በጂፕሰም የተሠሩ ዛፎችና ወፎች ጣሪያው ላይ ይወጣሉ። ቤቱ ደግሞ የአደን ቤት ነው፣ ለውሾቹ ራሱ የተሳለ ክፍል ከነማደሪያቸው አላቸው፣ እኔ ኪራይ እየከፈልኩ እንደዛ አልኖርም።

ሰብሊ ቨርጂኒያ፦
ዛሬ ሄጄ ነበር። መሳቢያው ጥግ ጥርሶቹ ሁሉ እኩል ናቸው፣ ጀርባው ግን ጠንካራ ጣውላ ነው ኮምፔንሳቶ አይደለም፣ የመጋዙ ምልክት ቅስት ነው። ማህተም የለም። ፋውንቴኑስ?

አናጺው፦
እንግዲህ ኮፒ ነው፣ ግን ጀርባው ጣውላ ከሆነ ምናልባት መቶ ዓመት ያለፈው ጥሩ ኮፒ ነው፣ ዕቃነቱ አይናቅም። «ኦሪጂናል» ለሚለው ቃል ግን አትክፈዪ፣ ከ1,000 ጀምሪ፣ እብነ በረዱ ተሰንጥቆ የተጣበቀ ከሆነ ከዛም ቀንሺ። ፋውንቴኑ ጎኑ ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጭን መስመር ካለው በፎርማ የፈሰሰ ሲሚንቶ ነው፣ አዲስ ነው፣ ከወደድሽው ውሰጂው፣ ክረምት ሲገባ ግን ውሃውን አፍስሺ፣ በረዶ ከሠራ ይሰነጥቀዋል።