ፎቶ ለሚያደራጅ ትንሽ ፕሮግራም የትኛው ቋንቋ ይሻላል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። በትርፍ ጊዜዬ አንድ ፕሮግራም ልሠራ አስቤያለሁ። ፎቶዎቼ በየፎልደሩ ተበታትነዋል፣ አንዱ ፎቶ ሦስት አራት ቦታ ተገልብጦ ይገኛል። ድግግሞሹን ለቅሞ እንዲያወጣልኝ፣ የቀረውን በተነሳበት ቀን እንዲያደራጅልኝ ነው የምፈልገው። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ትንሽ እሞክራለሁ። ግን "ፓይተን ቀርፋፋ ነው፣ ረስት ተማር" የሚለኝ ሰው በዛ። ፎቶው በአሥር ሺዎች ስለሚቆጠር እኔም ፈራሁ። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ 1
ፓይተን ይበቃሃል፣ ዛሬውኑ ጀምር። እዚህ ሥራ ላይ ጊዜ የሚበላው ቋንቋው ሳይሆን ፋይሎቹን ከዲስክ ማንበቡ ነው። ሃሽ፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ እንደ አሻራ የሚያገለግል አጭር ኮድ፣ የሚያወጣልህ የፓይተኑ ሃሽሊብም ውስጡ ሲ በሚባለው ፈጣን ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ ፈጣን ነው። ፍጥነት የምታገኘው ከአሠራርህ ነው፦ መጀመሪያ የፋይሎቹን መጠን ብቻ አወዳድር፣ መጠናቸው ከተለያየ አንድ ፋይል ሊሆኑ አይችሉም፣ ስለዚህ ሃሽ የምታወጣው መጠናቸው እኩል ለሆኑት ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ካላደረግክ በረስትም ብትጽፈው ዲስኩን ቁጭ ብለህ መጠበቅህ አይቀርም። ቀኑን ከኤግዚፍ መረጃው፣ ማለትም ካሜራው ፎቶው ውስጥ ከሚጽፈው መረጃ፣ ፒሎው የሚባል የፓይተን ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ) ያነብልሃል። ውጤቱን ለማስቀመጫ ኤስኪውላይት የሚባል ትንሽ ዳታቤዝ አለልህ፣ ከ2006 ጀምሮ ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል።

መልስ 2
እስማማለሁ፣ ግን ለራስህ ብቻ ነው ወይስ ለሌላ ሰውም ልትሰጠው ነው? ለሰው ከሆነ ጎ (Go) የሚባለውን ቋንቋ ብታየው ጥሩ ነው። ራሱን የቻለ አንድ ፋይል ያወጣልሃል፣ ተቀባዩ ምንም መጫን የለበትም፣ ሊኑክስ ላይ ሆነህ የዊንዶውሱንም ማውጣት ትችላለህ። የፓይተኑን ፓይኢንስቶለር በሚባል መሣሪያ ማሸግ ይቻላል፣ ግን ፋይሉ ይገዝፋል፣ የዊንዶውሱን ዊንዶውስ ላይ፣ የማኩን ማክ ላይ ሆነህ ማሸግ ይኖርብሃል። ረስት በጣም የምወደው ቋንቋ ነው፤ ሆኖም የሜሞሪ ሕጎቹን እስክትለምድ ፎቶዎቹ እንደተበታተኑ ይቆያሉ።

ጠያቂው
ለራሴ ብቻ ነው፣ ስለዚህ በፓይተን እቀጥላለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ በቴሌግራም የተላከልኝ ፎቶ ተጨምቆ ነው የሚመጣው። ዋናውም እኔ ጋ አለ። ሃሹ አንድ መሆናቸውን ያውቃል?

መልስ 1
አያውቅም። ሃሽ የሚያየው የፋይሉን ባይት ነው፣ አንዷ ባይት ከተቀየረች ውጤቱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ለሱ ኢሜጅሃሽ የሚባል የፓይተን ላይብረሪ አለ፣ ምስሉን በጣም አሳንሶ መልኩን ያወዳድራል። ይሄኛው እያንዳንዱን ፎቶ መክፈት ስላለበት ይዘገያል፣ ስለዚህ ሥራውን መልቲፕሮሰሲንግ በሚባለው የፓይተን ክፍል ለፕሮሰሰሩ ኮሮች አከፋፍለው። ደግሞ በተከታታይ የተነሱ ሁለት የተለያዩ ፎቶዎችን አንድ ናቸው ሊልህ ይችላል። በፍጹም በራሱ እንዲያጠፋ አታድርግ! ወደ ሌላ ፎልደር ያዛውርልህ፣ የሚጠፋውን አንተ በዓይንህ አይተህ ወስን። የተጨመቁት ላይ ኤግዚፉም አብሮ ስለሚጠፋ፣ ከሁለቱ የምታስቀረው ዋናውን ይሁን።